ክሎፒዶግሬል ለሚወስድ ሰው የትኛው የጨጓራ መድኃኒት ይስማማዋል?

ለልብ ወይም ለስትሮክ ታክሞ ከሆስፒታል የወጣ ሰው የመድኃኒት ፌስታሉ ሲፈታ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ይወጣሉ፦ አስፒሪን 81 ወይም 100 ሚ.ግ.፣ የደም ማቅጠኛው ክሎፒዶግሬል 75 ሚ.ግ.፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ በመጨረሻም «ጨጓራን እንዳይጎዳ» ተብሎ የተጨመረ ካፕሱል። ያ ካፕሱል ኦሜፕራዞል ከሆነ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ኦሜፕራዞል መጥፎ መድኃኒት ሆኖ አይደለም፤ ለጨጓራ ቁስል ከሚሰጡት ውስጥ በርካሽነቱም በፍቱንነቱም የታወቀ ነው። ነገር ግን ክሎፒዶግሬል ሥራ የሚጀምርበትን በር ያጠብበታል።

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ይሁን ባቲ፣ መድኃኒት ቤት ገብቶ «የጨጓራ መድኃኒት ስጡኝ» ለሚል ሰው ብዙ ዓይነት አማራጭ ሊቀርብለት ይችላል። ስማቸው ይመሳሰላል፣ ዋጋቸው ይራራቃል፣ ሥራቸውም አንድ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰውና ለሚያስታምመው ቤተሰብ ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ይያዝልን፦ ይህን አንብቦ ክሎፒዶግሬሉን በገዛ ፈቃዱ የሚያቆም ሰው ከሁሉ የከፋውን መንገድ መረጠ ማለት ነው። በተለይ ልቡ ላይ ስቴንት (የጠበበን የደም ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የገባለት ሰው ክሎፒዶግሬልን በድንገት ቢያቆም ስቴንቱ በረጋ ደም ሊደፈን ይችላል። መቀየር ካለበት የሚቀየረው የጨጓራው መድኃኒት ነው።

## በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ የደም ማቅጠኛው ማንነት ነው። በአፋችን ሁሉንም «የደም ማቅጠኛ» እንላቸዋለን እንጂ አስፒሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ ቲካግሬሎር፣ ፕራሱግሬልና ዋርፋሪን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ከኦሜፕራዞል ጋር የሚጋጨው ክሎፒዶግሬል ነው። አስፒሪን ብቻውን የሚወስድ ሰው ኦሜፕራዞል ቢወስድ በዚህ በኩል ስጋት የለበትም፤ ርካሹን ትቶ ውዱን የሚገዛበት ምክንያትም የለውም።

ሁለተኛው፣ የጨጓራ መከላከያ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ቀደም ሲል የጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት ቁስል የነበረበት፣ ከዚያም አልፎ የደማ፣ ዕድሜው 65 የደረሰ ወይም ያለፈ፣ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬልን አንድ ላይ የሚወስድ፣ ዋርፋሪን ወይም ፕሬድኒሶሎን የተጨመረበት፣ ለወገቡና ለጉልበቱ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚውጥ፣ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የተገኘበት፤ እነዚህ የመድማት አደጋቸው ከፍ ያለ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ የተደራረበበት ሰው ያለ መከላከያ መቆየት የለበትም። በአንጻሩ ከእነዚህ አንዱም የሌለበትና ክሎፒዶግሬል ብቻውን የሚወስድ ሰው ምንም ላያስፈልገው ይችላል። «የልብ መድኃኒት ስለሆነ የጨጓራውም ግድ ነው» የሚለው ልማድ ለብዙ ሰው ያለ ጥቅም የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛው ጥንካሬ ነው። ቃር ማስታገስ አንድ ነገር ነው፤ ቁስልና መድማት መከላከል ደግሞ ሌላ። አንዳንዱ መድኃኒት በአምስት ደቂቃ ማቃጠሉን ያጠፋል፣ ቁስሉን ግን አይከለክልም። አራተኛው የኩላሊት ሁኔታና አብረው የሚወሰዱ ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው። አምስተኛው ዋጋና አቅርቦት ነው። ከወረኢሉ ወይም ከመቅደላ ወደ ደሴ ለሚመላለስ ሰው አንድ ወር ተገኝቶ በሚቀጥለው የሚጠፋ መድኃኒት፣ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ምርጫ ሊባል አይችልም።

## ጉበት ውስጥ ያለው ወፍጮ

ክሎፒዶግሬል ሲዋጥ ገና ሥራ የሚሠራ መድኃኒት አልሆነም። ከተዋጠው 85 በመቶ ያህሉ በሌሎች ኢንዛይሞች ተሰብሮ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። የቀረው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ጉበት ውስጥ በሁለት ደረጃ ተለውጦ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕላትሌት የሚባሉ ሕዋሳት የሚያስር ንጥረ ነገር ይወጣዋል። በዚህ ለውጥ ውስጥ ዋናውን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ ሲዋይፒ2ሲ19 የተባለው ኢንዛይም ነው። ኦሜፕራዞልም በዋናነት የሚፈርሰው በዚሁ ኢንዛይም ነው።

ኢንዛይሙን እንደ ወፍጮ እንየው። ኦሜፕራዞል ወፍጮ ቤት ተራ የያዘ ሌላ እህል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አንዱን ጠዋት ሌላውን ማታ በማድረግ ነገሩ ያልቅ ነበር። ኦሜፕራዞል ግን ድንጋዩን ራሱን ያደነዝዘዋል። መድኃኒቱ ከደም ውስጥ በጥቂት ሰዓት ቢወጣም፣ የተሰናከለው ኢንዛይም በአዲስ እስኪተካ ድረስ ወፍጮው እንዳልተወቀረ ይቆያል፤ እስከዚያ ደግሞ የማግስቱ ካፕሱል ይደርሳል።

በጤናማ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት 80 ሚ.ግ. ኦሜፕራዞል ከክሎፒዶግሬል ጋር ሲሰጥ፣ ሥራ የሚሠራው ንጥረ ነገር በመጀመሪያው ቀን 46 በመቶ፣ በአምስተኛው ቀን 42 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ሁለቱን በ12 ሰዓት ልዩነት መስጠትም ለውጥ አላመጣም። እርግጥ 80 ሚ.ግ. ከተለመደው 20 ሚ.ግ. አራት እጥፍ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ኦሜፕራዞልና ክሎፒዶግሬል አብረው እንዳይወሰዱ አስጠነቀቀ፤ የአውሮፓው ተቆጣጣሪም ኢሶሜፕራዞልን ጨምሮ ተመሳሳይ ምክር ሰጠ።

በሌላ በኩል ያለውን ማስረጃም መደበቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመውና ኮጀንት የተባለው ጥናት 3,761 ሰዎችን አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል እያስወሰደ፣ ለግማሾቹ 20 ሚ.ግ. ኦሜፕራዞል ለቀሩት ባዶ ካፕሱል ሰጠ። በስድስት ወር ውስጥ የጨጓራና የአንጀት ጉዳት ኦሜፕራዞል በወሰዱት 1.1 በመቶ፣ ባልወሰዱት 2.9 በመቶ ሆነ። የልብ ችግር 4.9 እና 5.7 በመቶ ነበር፤ ማለትም ኦሜፕራዞል የወሰዱት አልባሱም። ነገር ግን ጥናቱ ገንዘብ አጥሮት ከታሰበው ቀድሞ ስለተቋረጠ ትንሽ ልዩነትን አጣርቶ ለማየት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፦ እኩል የሚከላከልና ወፍጮውን ብዙም የማይነካ ሌላ መድኃኒት እያለ ኦሜፕራዞልን ከክሎፒዶግሬል ጋር መምረጥ አያስፈልግም። አብረው ሲወስዱ የቆዩ ሰዎች ግን ሊደነግጡ አይገባም፤ የነገውን ካፕሱል በሌላ ማስቀየር ይበቃቸዋል።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

ኦሜፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል። ኢሶሜፕራዞል እንደ አካልና የመስታወት ምስሉ ከሚመሳሰሉት ከኦሜፕራዞል ሁለት ቅርጾች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ጠባዩን ይጋራል። «ኦሜፕራዞል ስላልተስማማህ ከፍ ያለውን ልስጥህ» ተብሎ ኢሶሜፕራዞል የተሸጠለት ሰው የበለጠ ከፍሎ እዚያው ግጭት ውስጥ ቆይቷል። ክሎፒዶግሬል ለማይወስድ ሰው ሁለቱም ጥሩ ናቸው።

ፓንቶፕራዞል። ከክሎፒዶግሬል ጋር መጀመሪያ የሚታሰበው ይህ ነው። ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም፤ በ80 ሚ.ግ. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት በአምስተኛው ቀን የታየው ቅናሽ 14 በመቶ ነበር። ከ42 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የተለመደው መጠን ደግሞ የዚያ ግማሽ፣ በቀን አንድ ጊዜ 40 ሚ.ግ. ነው። ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከኦሜፕራዞል ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል የሚሠራ አንድ ስህተት አለ፤ 40ውን በቢላ ለሁለት ከፍሎ ሁለት ቀን መጠቀም። የፓንቶፕራዞል እንክብል ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ለጌጥ አይደለም። መድኃኒቱን ከጨጓራ አሲድ አሳልፎ ትንሹ አንጀት የሚያደርሰው እሱ ነው። ሲቆረጥ፣ ሲታኘክ ወይም ሲወቀጥ መድኃኒቱ ገና ጨጓራ ውስጥ እያለ ይበላሻል። ሐኪሙ 20 ሚ.ግ. ይበቃል ካለ የ20ውን እንክብል መግዛት ነው። መዋጥ ለሚከብደው ሰው፣ በተለይ ከስትሮክ በኋላ፣ ውስጡ ጥራጥሬ ያለበት የላንሶፕራዞል ካፕሱል ተከፍቶ ለስላሳ ምግብ ላይ ተነስንሶ ሳይታኘክ ሊዋጥ ይችላል።

ላንሶፕራዞልና ራቤፕራዞል። ላንሶፕራዞል 30 ሚ.ግ. በክሎፒዶግሬል ላይ ያለው ጫና ከኦሜፕራዞል ያነሰ ነው። ራቤፕራዞል 20 ሚ.ግ. በአብዛኛው ያለ ኢንዛይም እርዳታ የሚፈርስ ስለሆነ ግጭቱ አነስተኛ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ የተደረጉት ጥናቶች ግን እንደ ፓንቶፕራዞል ብዙ አይደሉም። ፓንቶፕራዞል ሲጠፋ ሁለቱም ተቀባይነት ያላቸው ተተኪዎች ናቸው።

ፋሞቲዲን፣ ሲሜቲዲን፣ ራኒቲዲን። ሦስቱም ስማቸው በ«ቲዲን» ያልቃል፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ነው። ፋሞቲዲን የክሎፒዶግሬልን ኢንዛይም አይነካም። ቀለል ያለ አደጋ ላለበት ሰው 20 ሚ.ግ. በቀን ሁለት ጊዜ ጥሩ ምርጫ ነው። ድክመቱ ሁለት ነው፤ አሲድ የመቀነስ ኃይሉ ከ«ፕራዞሎቹ» ያንሳል፣ በተከታታይ ሲወሰድም ሰውነት እየለመደው ይሄዳል። ቀደም ሲል ቁስሉ የደማ ሰው በፋሞቲዲን ብቻ መተማመን የለበትም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ መጠኑ ካልተቀነሰለት ሊደናበርና ሊቃዥ ይችላል፤ ሽማግሌ ላይ ይህ ሲታይ «ስትሮኩ ተመለሰ» ተብሎ ይደነገጣል።

ሲሜቲዲን በርካታ የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያግድ ከክሎፒዶግሬል ጋር አይወሰድም። ራኒቲዲን ውስጥ ኤንዲኤምኤ የተባለ ለካንሰር ሊያጋልጥ የሚችል ቆሻሻ በመገኘቱና ተከማችቶ ሲቆይ መጠኑ ስለሚጨምር፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል፤ አውሮፓም በዚያው ሰሞን እንዲታገድ መክራለች። ቤት ውስጥ የቆየ ራኒቲዲን ካለ አይጠቀሙበት።

የሚታኘኩትና የብልቃጥ ማስታገሻዎች። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና የማግኒዥየም ውህድ ያለባቸው ነጫጭ ፈሳሾችና የሚታኘኩ እንክብሎች ክሎፒዶግሬልን አይጋጩም። ቃር ሲነሳ ቶሎ ያበርዳሉ። ቁስል ግን አይከላከሉም፤ ማቃጠሉ ስለጠፋ ብቻ ጨጓራው የዳነ የሚመስለው ሰው ቁስሉ ከስር እየሠራ ሊቆይ ይችላል። አንጀት ላይ እንዲሟሟ ተብሎ የተሸፈነ አስፒሪን የሚወስድ ሰው ማስታገሻውን ከአስፒሪኑ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ያራርቀው፤ አሲዱ ሲበርድ ሽፋኑ ያለጊዜው ጨጓራ ውስጥ ሊለቅ ይችላል። ከብረት እንክብል፣ ከዶክሲሳይክሊንና ከሲፕሮፍሎክሳሲንም እንዲሁ ይራቅ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ስለሚጠራቀምበት ዘወትር አይጠቀምባቸው።

የተሸፈነውን አስፒሪን ካነሳን አይቀር፦ ሽፋኑ ጨጓራን ከቁስል ያድናል ብሎ ማመን ስህተት ነው። አስፒሪን የጨጓራውን መከላከያ ልባጭ የሚያሳሳው በደም ውስጥ ዞሮ ነው፤ በየትም ቢሟሟ ያው ነው።

ተልባ። ለጨጓራ ተልባ መጠጣት በየቤቱ ያለ ልማድ ነው፤ እንደ ምግብ የሚከለክለው የለም። የመድኃኒት ምትክ ግን አይሆንም። ልግ ያለ ስለሆነም ከመድኃኒቶቹ ጋር በአንድ ጊዜ ባይጠጣ ይመረጣል።

## ከጨጓራው ይልቅ የደም ማቅጠኛውን መቀየርስ?

ቲካግሬሎር ሲዋጥ ጀምሮ የሚሠራ ስለሆነ ሲዋይፒ2ሲ19ን አይፈልግም፤ ፕራሱግሬልም በዚህ ኢንዛይም ላይ ያን ያህል አይመካም። ስለዚህ ከሁለቱም ጋር ኦሜፕራዞል መውሰድ ይቻላል። በተፈጥሮው ይህ ኢንዛይም የደከመበት ሰውም ክሎፒዶግሬል በሚገባ ስለማይሠራለት ወደነዚህ ሊዞር ይችላል። ዋጋቸው ግን ከክሎፒዶግሬል ይወደዳል፤ የመድማት አደጋቸውም ይበልጣል። ፕራሱግሬል ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ ስትሮክ ለነበረበት ሰው ፈጽሞ አይሰጥም። ቲካግሬሎር በቀን ሁለት ጊዜ መወሰድ ያለበት በመሆኑ አንዱን መዝለል ለሚቀናው ሰው አይመከርም። ለጨጓራ መድኃኒት ሲባል ብቻ ወደነዚህ መዞር ዋጋ የለውም፤ ፓንቶፕራዞል ከመግዛት የሚቀል ነገር አይደለም።

## በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ከክሎፒዶግሬል ጋር | ቁስል የመከላከል ኃይል | የተለመደ መጠን | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|
| ኦሜፕራዞል | ይጋጫል፣ ይወገድ | ከፍተኛ | 20 ሚ.ግ. በቀን 1 ጊዜ | ዝቅተኛ |
| ኢሶሜፕራዞል | ይጋጫል፣ ይወገድ | ከፍተኛ | 20–40 ሚ.ግ. በቀን 1 ጊዜ | ከፍ ያለ |
| ፓንቶፕራዞል | ተመራጭ | ከፍተኛ | 40 ሚ.ግ. በቀን 1 ጊዜ | መካከለኛ |
| ላንሶፕራዞል | ይቻላል | ከፍተኛ | 30 ሚ.ግ. በቀን 1 ጊዜ | መካከለኛ |
| ራቤፕራዞል | ይቻላል | ከፍተኛ | 20 ሚ.ግ. በቀን 1 ጊዜ | ከፍ ያለ |
| ፋሞቲዲን | አይጋጭም | መካከለኛ | 20 ሚ.ግ. በቀን 2 ጊዜ | ዝቅተኛ |
| ሲሜቲዲን | ይወገድ | መካከለኛ | — | — |
| የሚታኘክ/የብልቃጥ ማስታገሻ | አይጋጭም | የለውም | ቃር ሲነሳ ብቻ | ዝቅተኛ |

## ለማን የቱ?

ስቴንት ገብቶለት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አንድ ላይ የሚወስድ፣ ዕድሜውም የገፋ ሰው፦ ፓንቶፕራዞል 40 ሚ.ግ.። ሁለቱን አብሮ የመውሰጃው ጊዜ እንደ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ነው። ሐኪሙ አንዱን ሲያስቆም የጨጓራውም መቀጠል አለመቀጠሉ በዚያው ዕለት ይጠየቅ። «ፕራዞሎች» ለዓመታት ሲወሰዱ ቢ12ና ማግኒዥየም ሊያሳንሱ ይችላሉ፤ ማንም ሳይጠይቅ ለአምስት ዓመት መቀጠል የለባቸውም። በአንጻሩ ቁስሉ ቀድሞ ለደማ ሰው መከላከያው የደም ማቅጠኛው እስካለ ድረስ ይቀጥላል።

ክሎፒዶግሬል ብቻውን የሚወስድ፣ ቁስል ኖሮበት የማያውቅ፣ አልፎ አልፎ ቃር የሚያስቸግረው ሰው፦ ፋሞቲዲን ወይም ማስታገሻ ይበቃዋል።

አስፒሪን ብቻ የሚወስድና መከላከያ የሚያስፈልገው፣ አቅሙም ውስን የሆነ ሰው፦ ኦሜፕራዞል 20 ሚ.ግ.። ልክ ነው፣ ይቀጥልበት።

ቁስሉ ደምቶ የሚያውቅ ሰው ክሎፒዶግሬል ታዞለት ፓንቶፕራዞሉም ተተኪዎቹም ቢጠፉስ? ይህ ከዋና መንገድ ራቅ ባለ ወረዳ ሊያጋጥም የሚችል ጥያቄ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ያለ ምንም መከላከያ መቆየት ነው። እስኪገኝ ፋሞቲዲን ይዞ መቆየትና በዚያው ሳምንት ሐኪሙን ማማከር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ አደጋውን መዝኖ ኦሜፕራዞል 20 ሚ.ግ. እንዲወስድ ሊወስን ይችላል፤ ያ ውሳኔ ከላይ ባየነው ጥናት ፊት ስህተት አይባልም።

ለጉልበትና ለወገብ ሕመም የሚውጥ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ዳይክሎፌናኩንና አይቡፕሮፌኑን በፓራሲታሞል ይተካ። አይቡፕሮፌን መድማቱን ከማባባሱም በላይ አስፒሪን ፕላትሌት ላይ የሚይዘውን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ዳይክሎፌናክ እየዋጡ ስለ ፓንቶፕራዞል ዓይነት መጨነቅ ጣሪያው ተከፍቶ ስለ መስኮቱ እንደመከራከር ነው።

## ኤች ፓይሎሪ ሲገኝ

ኤች ፓይሎሪ ያለበት ሰው የደም ማቅጠኛ ሲጀምር መድማቱ ስለሚብስ መታከም አለበት። የተለመደው ሕክምና አሞክሲሲሊን 1 ግራም፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚ.ግ. እና አንድ «ፕራዞል» በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን ነው። እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ በአንድ ማሸጊያ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ሕክምና ውስጥ ያለው ኦሜፕራዞል ሊሆን ይችላል፤ ክሎፒዶግሬል ለሚወስድ ሰው በፓንቶፕራዞል 40 ሚ.ግ. በቀን ሁለቴ እንዲተካ ይጠየቅ። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ክላሪትሮማይሲን ከቲካግሬሎር ጋር ፈጽሞ አይሰጥም፣ ከኮሌስትሮል መድኃኒቱ ከሲምቫስታቲን ጋርም እንዲሁ። አቶርቫስታቲን የሚወስድ ሰው በእነዚያ 14 ቀናት ከ20 ሚ.ግ. መብለጥ የለበትም፤ ጡንቻ ይጎዳል። ፓንቶፕራዞል ከማቅለሽለሽ ማስታገሻው ከዶምፔሪዶን ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣ ካፕሱልም አለ፤ ዶምፔሪዶን ከክላሪትሮማይሲን ጋር የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል ለልብ ሕመምተኛ ንጹሑ ፓንቶፕራዞል ይሁን።

ምርመራውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሰገራ አንቲጂን ምርመራ «ፕራዞል» እየተወሰደ ከተደረገ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት መቆም አለበት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ከአራት ሳምንት በፊት። በዚያ መሃል ለከፍተኛ አደጋ ሰው ምን ይደረግ የሚለውን ሐኪሙ ይወስን። የደም ፀረ-አካል ምርመራ ግን ከዳኑ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ስለሚል መዳንን ለማረጋገጥ አይጠቅምም።

ሌሎች የሚነኩትንም ባጭሩ፦ የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞልና የድብርት መድኃኒቱ ፍሉኦክሰቲን እንደ ኦሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ወፍጮ ያደነዝዛሉ። የቲቢው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ያፈጥነዋል፣ መድማትም ያመጣል። የኤችአይቪ መድኃኒቱን አታዛናቪር የሚወስድ ሰው ማንኛውንም አሲድ ቀናሽ ከመጀመሩ በፊት ክትትል ለሚያደርግለት ክፍል ይንገር።

## ረመዳንና ሁዳዴ

ወሎ ውስጥ ረመዳንም ሁዳዴም የሚጾምበት አንድ ግቢ፣ አንዳንዴም አንድ ቤት ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ የመድኃኒት ሰዓት ጥያቄም ከዚያ ይነሳል። «ኦሜፕራዞሉን ለሱሁር፣ ክሎፒዶግሬሉን ለኢፍጣር» ማድረግ ብልሃት ይመስላል። በኢፍጣርና በሱሁር መካከል ያለው ርቀት ግን ከላይ ካየነው የ12 ሰዓት ልዩነት ብዙም አይርቅም፤ ድንጋዩ እንደደነዘዘ ነው። መፍትሔው መድኃኒቱን መቀየር እንጂ ሰዓቱን ማራራቅ አይደለም።

የ«ፕራዞሎች» ሰዓት የሚያስፈልገው ለሌላ ምክንያት ነው፤ የጨጓራው የአሲድ ፓምፖች የሚነቁት ሰው ሲበላ ስለሆነ፣ ከዋናው ምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ መዋጥ ይሻላል። በረመዳን ይህ በቀላሉ ይገጥማል። በተምርና በውኃ ሲፈታ ፓንቶፕራዞሉ ይዋጣል፤ መግሪብ ተሰግዶ ማዕድ እስኪቀርብ ጊዜው ይሞላል። ከምግቡ በኋላ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል። ቲካግሬሎር የሚወስድ ሰው አንዱን በኢፍጣር ሌላውን በሱሁር ያድርግ። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰውም በ8 ሰዓት ተኩል ፓንቶፕራዞሉን በውኃ ሊውጥ፣ ከበላ በኋላ የቀሩትን ሊወስድ ይችላል፤ ውኃውም ከጾሙ የሚያስገባው ሰው 9 ሰዓት ላይ ውጦ ምግቡን ግማሽ ሰዓት ያቆየው። በቅርብ ስቴንት የገባለት ወይም የልብ ሕመም የደረሰበት ሰው ግን ጾሙን ከመያዙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ፈቃድ አላቸው።

ጫት ለሚቅም ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ አስፒሪኑ ባዶ ሆድ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያም በላይ የልብ ቧንቧን ያጠብባል። ስቴንት ላለበት ሰው ከጨጓራ መድኃኒት ምርጫ በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው።

## መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ

የንግድ ስሙን ትተው ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ያንብቡ ወይም ያስነብቡ። እንክብሎቹ የታሸጉበት ቅጠል ሲቆረጥ ስሙና የሚያበቃበት ቀን ያለበት ጫፍ አብሮ ስለሚሄድ፣ ግማሽ ቅጠል የሚገዛ ሰው ስሙ በብዕር እንዲጻፍለት ይጠይቅ። ክሎፒዶግሬልና አስፒሪን በአንድ እንክብል የተቀላቀለበት ምርትም አለ፤ ያንን እየወሰዱ አስፒሪን ለብቻው መጨመር መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል።

ማለት ያለብዎት ይህን ነው፦ «ክሎፒዶግሬል እወስዳለሁ። ኦሜፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል ያልሆነ፣ ፓንቶፕራዞል አለ?» ማዘዣው ላይ ኦሜፕራዞል ከተጻፈ ባለሙያው ሐኪሙ ዘንድ ደውሎ እንዲያስቀይር ይጠይቁ። ለእናትዎ ወይም ለአባትዎ የሚገዙ ከሆነ የሚወስዱትን ሁሉ ቅጠል በፌስታል ይዘው ይሂዱ።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከተጣበቀና ከሸተተ፣ ትውከት የቡና አተላ ከመሰለ ወይም ደም ካለበት፣ ሰውየው ሲነሳ ራሱ ከዞረና ከገረጣ፣ ጠዋትን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። የብረት እንክብል የሚወስድ ሰው ሰገራ በራሱ ይጠቁራል፤ ግን አይጣበቅም፣ ማዞርም አያመጣም፤ ጥርጣሬ ካለ መታየት ይሻላል። መድኃኒቶቹን ይዘው ይሂዱ፤ የመጨረሻው ክሎፒዶግሬልና አስፒሪን መቼ እንደተዋጡም ይንገሩ። ፕላትሌቶቹ ከመድኃኒቱ ተላቀው ሙሉ በሙሉ እስኪታደሱ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል፤ ተረኛው ሐኪም ያንን ሰዓት ማወቅ አለበት።